ከክኒኑ በፊት ስሙን

ባለፈው እሑድ እቤቴ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ዕጣኑ እንደጨሰ ብድግ ብለሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ቆየት ብዬ ብከተልሽ መጋረጃውን ዘግተሽ፣ ሻሽሽን ከቅንድብሽ በላይ ጥብቅ አድርገሽ አስረሽ፣ ግራ ዓይንሽን በመዳፍሽ ሸፍነሽ ተጋድመሻል። «ምንም አይደል አክስቴ፣ ያው ሳይነሴ ነው» አልሽኝ። ውኃ ላቀብልሽ ብዬ ቦርሳሽን ገለል ሳደርገው ሦስት ዓይነት ክኒን ተዘረገፈ። ያኔ ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም፤ ራሱ እየተፈለጠ ያለ ሰው ምክር አይሰማም ብዬ ነው። አሁን ተሽሎሻልና ስሚኝ።

34 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ከዚያ በፊት ግን ታማሚ ነበርኩ። ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ይኸው ፍልጠት ሲመጣ ሲሄድ ኖሯል። አያትሽም «ራስ ፍልጠቴ ተነሣ» ብላ በር ስትዘጋ፣ እኛ ልጆቿ በእግር ጣታችን ነበር የምንራመደው። ጋዋን ለብሼም፣ ጨለማ ክፍል ተኝቼም የተማርኩትን በተራ እነግርሻለሁ። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ ግማሽ ራስን የሚያም ሕመም ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። እያንዳንዱ ስም አለው። ስሙን ሳታውቂ የምትውጪው ክኒን በጨለማ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው፤ ማንን እንደሚመታ አይታወቅም።

1. ደብተር ያዢ።

ሐኪም ፊት ቀርበሽ «ራሴን ያመኛል» ብቻ ካልሽ፣ የሚጻፍልሽም የራስ ምታት ክኒን ብቻ ነው። ለዚህ ሕመም ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ የምትናገሪው ታሪክ ነው። በተነሣብሽ ቁጥር ጻፊ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ጎን እንደሆነ፣ ትር ትር ይል ወይስ ይጨምቅ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ። ከዚያ ምን እንደበላሽና ምን እንዳልበላሽ፣ እንዴት እንዳደርሽ፣ የወር አበባሽ መቼ እንደነበር፣ የትኛውን ክኒን ስንት እንደዋጥሽ። የሁለት ወር ማስታወሻ ይዘሽ ከገባሽ፣ ሐኪሙ በአንድ ቁጭታ የሚደርስበት ነገር አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ በሽታውን ልብ ያላለም ያው ነው።

2. ያንቺን ልገምት፦ ማይግሬን ይመስለኛል።

ቃሉ ራሱ ከግሪክኛ «ግማሽ ራስ» ከሚለው የመጣ ነው። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጎን ይይዛል፤ እንደ ልብ ምት ትር ትር ይላል፤ ደረጃ ስትወጪ ይብሳል። ከሱ ጋር ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ሕመም ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተመላለሰ ሐኪሙ ስሙን በልበ ሙሉነት ይጠራዋል። ጎን ቢቀያይር ወይም አንዳንዴ ሁለቱንም ጎን ቢይዝ አይግረምሽ፤ ያው ማይግሬን ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ይበዛል።

ባለፈው ዓመት የነገርሽኝን አልረሳሁም። ባንክ መስኮት ላይ ሆነሽ ብር ስትቆጥሪ፣ የኖቱ ቁጥር ግማሹ ድንገት ጠፋብሽ። ከዚያ ከዓይንሽ ጥግ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ ብርሃን እየተብለጨለጨ ሰፋ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋና ፍልጠቱ ተከተለ። «ዓይነ ጥላ ነው» ብለሽ ፈርተሽ ነበር። ሐኪሞች ኦራ ይሉታል፤ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ የሚቆይ የማይግሬን መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ይህን አጥብቀሽ ያዢ፦ ኦራ ያለባት ሴት ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ክኒን መውሰድ የለባትም፤ የስትሮክ አደጋን ይጨምራልና። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ስትገቢ ሳትጠየቂ ተናገሪ፤ ሌላ ዓይነት መከላከያ አለ።

3. «ሳይነስ» የሚለውን ስም ቶሎ አትቀበዪ።

አገራችን ውስጥ ግንባሩን ያመመው ሁሉ ሳይነስ ነው ይባላል። ማይግሬን ሲነሣ አፍንጫ ይታፈናል፣ ዓይን ያነባል፤ ለዚህ ነው የሚያሳስተው። እውነተኛው ሳይነስ ወፈር ያለ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ ያመጣል፣ ማሽተት ይከለክላል፣ ብዙ ጊዜም ትኩሳት አለው። ያንቺ በየወሩ እየመጣ በሁለት ቀኑ በራሱ የሚሄድ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሳይነስ አለብን የሚሉ 2,991 ሰዎችን መርምሮ፣ 88 ከመቶው የማይግሬን ዓይነት ሕመም እንዳለባቸው አገኘ። በየፋርማሲው በከንቱ የሚዋጠውን አንቲባዮቲክ አንቺው አስቢው።

4. ራስሽን አትውቀሺ፣ መንስኤውንም ከቀስቃሹ ለዪ።

«ሐሳብ ታበዢያለሽ» ሲሉሽ ጥፋቱ ያንቺ እየመሰለሽ አንገትሽን ትደፊያለሽ። አትድፊ። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የሚያመው ሽፋኑና በሽፋኑ ላይ ያሉት ደም ሥሮች ናቸው። የነሱን ወሬ የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የሚባለው ነርቭ ነው፤ በሦስት ቅርንጫፍ ግንባርን፣ ጉንጭንና መንጋጋን ያዳርሳል፤ በግራም በቀኝም አንድ አንድ አለ። ማይግሬን ያለበት ሰው ይህ መሥመር ቶሎ ይቆጣል፤ ሲቆጣም ሲጂአርፒ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅና ሕመሙን ያቀጣጥለዋል። እኛ ስንማር ነገሩ ሁሉ የደም ሥር መስፋት ነው ተብለን ነበር፤ አሁን መነሻው ነርቩ እንደሆነ ታውቋል። ቁጡነቱ ደግሞ በዘር ይወርዳል። አያትሽ፣ እኔ፣ አንቺ።

እንግዲህ ጭዱ ከእናት ከአባት የወረስሽው ነው፤ ክብሪቱ ሌላ ነው። ምሳ መዝለል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ወይም በእረፍት ቀን እስከ አምስት ሰዓት መተኛት። የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረውና የመጀመሪያዎቹ ቀናት። የቀትር ፀሐይ፣ ሽቶ፣ ዕጣን፣ አልኮል። ሥራ ሲበዛ ችለሽው ሂሳብ በተዘጋ ማግሥት የሚጥልሽም ለዚህ ነው፤ ውጥረቱ ሲላላም ይቀሰቅሳል። አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር፦ ፍልጠቱ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሰውነት ያዛጋል፣ ማጅራት ይገትራል፣ ጣፋጭ ያሰኛል። ቸኮላት በልተሽ በማግሥቱ ሲያምሽ ቸኮላቱን ትከሺያለሽ፤ ብዙ ጊዜ ግን ሕመሙ ቀድሞ ጀምሮ አምሮቱን ያመጣው እሱ ነው። ደብተርሽ ይፈርድልሻል።

5. ከቡና ጋር ተስማሚ።

ቡና ለዚህ ሕመም መድኃኒትም ነው፣ ባላጋራም ነው። አንድ ስኒ ከክኒኑ ጋር ክኒኑን ያግዘዋል። በየቀኑ ሦስት አራት ስኒ የለመደ ሰው ግን ድንገት ሲያቆም በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ይይዘዋል፤ «ሱሴ ተነሣ» የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ወይም ሁለት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ጾም ሲገባ በአንድ ጊዜ አትቁረጪው፤ ከሳምንት በፊት ጀምረሽ ቀንሽው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ረመዳንን የሚጾሙ ጎረቤቶቼንም ይህንኑ ነው የምመክራቸው፤ ሱሑር እንዳይዘሉ፣ ከኢፍጣር በኋላም ውኃ እንዲያዘወትሩ።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመጪ ምን እንደነበረ አስተዋልሽ? ሌሊት ተነሥተሽ፣ እስከ ስምንት ሰዓት እህል ሳትቀምሺ፣ ቡናሽን ሳታገኚ ቆይተሽ፣ ከዚያ ዕጣን። ሦስት ክብሪት በአንድ ጭድ! ጾሙ ከበደሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቀድ እሳቸው ያውቃሉ፤ አንቺ ብቻሽን አትወስኚ፣ ብቻሽንም አትሰቃዪ።

6. ሳይቃጠል በቅጠል።

ክኒን መዋጥ ካለብሽ ገና ሲጀማምርሽ፣ በበቂ መጠን ዋጪ። ብዙ ሰው «እስቲ ልቻለው» ይልና ካስመለሰው በኋላ ግማሽ ክኒን ይውጣል። ያኔ ጨጓራ ሥራ ፈትቷል፤ ክኒኑ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል 1,000 ሚሊግራም፣ ወይም አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ ወይም አስፕሪን 900 ሚሊግራም የሚሠራ መጠን ነው። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ከሁለቱ የኋለኞቹ ይራቅ፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ፓራሲታሞል ይሻላል፣ ሐኪምም ይወቀው። ለማቅለሽለሹ «ፕላዚል» የምንለው ሜቶክሎፕራማይድ ሆዱን ያነቃቃል፤ ነገር ግን አንዳንድ ወጣት ላይ ዓይንና አንገት ያጠማዝዛል፤ በዎርድ አይቼዋለሁ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኪው።

እነዚህ ካልበቁ ለማይግሬን ተብለው የተሠሩ ሱማትሪፕታንን የመሰሉ መድኃኒቶች አሉ። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ላለበት አይሰጡም። ክኒኑን ከዋጥሽ በኋላ ጨለማ ክፍል፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ውኃና እንቅልፍ። ሻሹንም እሰሪው፤ አያትሽ ያለነገር አላሰረችውም።

7. ክኒንሽን ቁጠሪ።

ይህን የምነግርሽ በኀፍረት ነው። ዎርድ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት የጋዋኔ ኪስ ከክኒን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጠዋት ተራ ከመጀመሬ በፊት «እንዳይነሣብኝ» እያልኩ አንድ፣ ከሰዓት አንድ። በወር አንዴ ይመጣ የነበረው ፍልጠት በየቀኑ ሆነ። በየቀኑ ስለሆነም በየቀኑ ዋጥኩ። አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ፤ ለሌላው መድኃኒት የማድል ሰው የራሴን መቁጠር አቃተኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። በመጨረሻ በሐኪም ምክር ሳቆመው አሥር ቀን ያህል ከበፊቱ ባሰብኝ፤ ከዚያ እንደ ድሮው በወር አንዴ ወደመምጣቱ ተመለሰ።

መስመሩ ይኸውልሽ፦ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፤ ትራማዶልን፣ ሱማትሪፕታንን፣ ኤርጎታሚንንና የተደባለቁ ክኒኖችን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር የወሰደ ሰው ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። እኔ ላንቺ የምፈቅደው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ከበለጠ ምክር ቁጥር 8ን አንብቢ።

ስለ ኤርጎታሚን ደግሞ ለብቻው ስሚ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ የነርስነት ተማሪ ሳለሁ፣ ወሎ ውስጥ ሰዎች እግርና ጣታቸው እየጠቆረ የሚበሰብስበት ወረርሽኝ ተሰማ። ምክንያቱ ከገብሱ ጋር በተቀላቀለው ሲናር ላይ የበቀለ ፈንገስ ነበር። ፈንገሱ ደም ሥርን እስኪዘጋ ድረስ ያኮማትራል። ኤርጎታሚን የሚወጣው ከዚያው ዘር ፈንገስ ነው። በመጠኑ መድኃኒት፣ ሲበዛ መርዝ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለልብና ለደም ሥር ሕመምተኛ አይሆንም። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋርማ ፈጽሞ አይገናኝም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጤነኛ እግር ሊያስቆርጡ ይችላሉ። ጎረቤት «ይሄ ለኔ ሠርቶልኛል» ብላ ብትሰጥሽ አመስግነሽ መልሽላት።

8. በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ካመመሽ መከላከያ ጠይቂ።

መከላከያ ማለት ቢያምሽም ባያምሽም በየቀኑ የሚወሰድ ነው። ፕሮፕራኖሎል አንዱ ነው፤ አስም ካለብሽ ግን አይሆንሽም። አሚትሪፕቲሊን ሌላው ነው፤ ማታ በትንሽ መጠን ይጀመራል። ወረቀቱን አንብበሽ «የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ፣ እብድ ነሽ ሊሉኝ ነው» ብለሽ እንዳትጥይው፤ በዚያ መጠን የሚሰጥሽ ለራስ ምታትሽ ነው። ቫልፕሮኤት የተባለውን ግን ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ለማይግሬን ብላ አትውሰደው፤ ፅንስ ይጎዳል። የትኛውም ቢሆን ሥራውን ለማየት ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል፤ በሳምንቱ «አልሠራም» ብለሽ አትተዪው። አሜሪካ ያለችው እህትሽ በወር አንዴ የምትወጋው ቀደም ሲል የነገርኩሽን የሲጂአርፒን መንገድ የሚዘጋ ነው፤ የመጀመሪያው እዚያ የተፈቀደው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ርካሾቹ ክኒኖችም ብዙ ሰው አሽለዋል።

ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ለማንሣት ደመወዝሽን ከማውጣትሽ በፊትም ጠይቂ። ማይግሬን በፊልም አይታይም። ሐኪሙ አደገኛ ምልክት ካላየ፣ ያ ገንዘብ «ምንም የለብሽም» የሚል ወረቀት ነው የሚገዛልሽ፤ ሕመምሽ ግን እንዳለ ነው።

9. አንድ ጎን የሚይዙ ሌሎችም አሉ።

ዎርድ ተረኛ ሳለሁ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይመጣ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ልክ እንደ ደወል፣ ቀኝ ዓይኑ ሥር። ዓይኑ ቀልቶ ያነባል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ ያው ጎን አፍንጫው ይፈሳል። የማይግሬን ሰው ጨለማ ፈልጎ ይተኛል፤ እሱ ግን ኮሪደሩን ይመላለሳል፣ ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጫል። ይህ ክላስተር ይባላል። ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ ለሳምንታት በየቀኑ ይመላለስና ለወራት ይጠፋል፤ ወንድ ላይ ይበዛል። መድኃኒቱ ከጎናችን ቆሞ ነበር፦ በጭንብል በኃይል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን። ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ሲተነፍስ ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

ሌላው ሹፌር ነበር። ፊቱን ሲታጠብ ወይም ሲያኝክ ጉንጩን ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰከንድ ያህል ይነዝረዋል። ጥርስ ነው ብሎ ሦስት መንጋጋውን አስነቅሎ ነበር የመጣው፤ ሕመሙ ግን አልተነቀለም። የትራይጀሚናል ነርቭ ሕመም ነበር፤ ካርባማዜፒን ሲጀመርለት ቀለለው። አየሽ፣ ስሙን ማወቅ ሦስት ጥርስ ያተርፋል።

10. የአገር ቤቱን መድኃኒት ለይተሽ ያዢ።

ዳማ ከሴ አሽቶ ማሽተት፣ ቡና ውስጥ ጤና አዳም ጣል ማድረግ፣ ማጅራት ማሸት በልክ ቢሆን የሚያስቀይም ነገር የለውም። ጠበልም ሂጂ፤ ግን ለጠበል ብለሽ የጀመርሽውን መድኃኒት አታቋርጪ፣ በባዶ ሆድም ረጅም አትቁሚ። ብጣትንና ዋግምትን ግን እምቢ በዪ። ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ምላጭ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ይዞ ይዞራል፤ ከቅንድብሽ በላይ የሚወጣው ደም ነርቭሽን አያበርደውም።

11. እነዚህን ካየሽ ደብተሩን ጣይና ሆስፒታል ሩጪ።

ባንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ መብረቅ የወረደ፣ በሕይወትሽ አይተሽው የማታውቂው ራስ ምታት። ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፤ አገራችን ማጅራት ገትር የሚመላለስባት ናትና ለነገ አይባልም። እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ አፍ ከተንሸዋረረ፣ ንግግር ከተያዘ። ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ የጀመረ። በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ የመጣ፣ በተለይ ዓይን ካደበዘዘ። ኤችአይቪ ወይም ካንሰር ባለበት ሰው ላይ አዲስ የሆነ። አንድ ዓይን ቀልቶ፣ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና እያሳየ የሚያስታውክ፤ የዓይን ግፊት ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ያጠፋል።

እናትሽንም አስቢ። ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ የአንድ ጎን ራስ ምታት፣ ሲያበጥሩ የግንባር ጎን ካመመ፣ ሲያኝኩ መንጋጋ ከደከመ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል። ቶሎ ስቴሮይድ ካልተሰጠ ዓይን ያሳውራል። «ዕድሜ ነው» እያለች እንዳታድበሰብስሽ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ደግሞ ክኒን አትፈልጉ፤ የከሰል ጢስ ሊሆን ይችላልና ከሰሉን አውጡ፣ በር መስኮቱን ክፈቱ፣ እናንተም ውጡ።

ልጄ፣ ማይግሬንን ነቅሎ የሚጥል መድኃኒት እስካሁን የለም፤ አለ የሚልሽን አትመኚ። እኔ ግን 67 ዓመቴ ነው፤ ፍልጠቱ ከኔ ጋር አርጅቶ አሁን በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢመጣ ነው፤ ሲመጣም በስሙ እጠራዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ደብተር ልኬልሻለሁ። የመጀመሪያውን መስመር ጽፌበታለሁ፦ «እሑድ፣ ስምንት ሰዓት፣ ግራ ጎን። ቁርስ አልተበላም፣ ቡና አልተጠጣም፣ ዕጣን።» ሁለተኛውን አንቺ ሙዪው።